የክርን ልክ

ዊኒፔግ፣ የጥር ሌሊት፤ በረዶው መስኮቱን ነክሶ ይዞታል፣
ማሞቂያው ግድግዳው ውስጥ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል።
ከምድር ቤቱ የሙዚቃ ክፍል፣ መወልወያዬን አስደግፌ፣
ተንበርክኬአለሁ ከማሪምባው ሥር፣ መፍቻ በእጄ፣ ባትሪ በአፌ።

ሚስስ ኮዋልቹክ ናት የላከችኝ፤ "ልጁ" አለች፣ "ትከሻው ጆሮው ላይ ወጣ፣
ዝቅ አድርግ ብዬ ብዬ ደከመኝ፤ ክንዱ እንደሆነ መውረጃ አጣ።"
ጆሜል ይባላል፤ ዐሥራ አንድ ዓመቱ፤ ቁመቱ ገና ከእንቅልፍ ያልነቃ፣
የወተት ሣጥን ላይ ቆሞ ይመታል፤
ሣጥኑም አብሮት ሲንቋቋ፣ ሲንቋቋ።

ልጅን ከፍ ማድረግ ምን ይከብዳል? ሣጥን ከየትም ይገኛል፤
ግን ሣጥን ላይ የወጣ ሙዚቀኛ እንዴት ግራና ቀኝ ይሄዳል?
ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ አምስት እርምጃ ነው መንገዱ፤
እሱ ግን አንድ ሥፍራ ተተክሎ፣ ተላላኪው ክንዱ ነው፣ ክንዱ።

ብሎኑ ዝጓል። ዘይት ጠብ አደረግሁለት፣
እስኪጠጣም ቁጭ አልሁለት።
በባትሪው ብርሃን እግሩ ላይ፣ በእርሳስ የተጫረ አለ፤
ቁጥር፣ ስም፣ መስመር፣ አንዱ ካንዱ የተንጠለጠለ፤
"ዳርያ" ይላል አንዱ፤ ሌላው "እኔ ነኝ" ብቻ፤ ሌላው ደብዝዟል፤
ከሁሉ በላይ የጫረው ማን እንደነበር ብረቱ ራሱ ረስቷል።

ገጭ!
መቋሚያው እንደ ግመል በአንድ ጉልበቱ ቁጭ አለ።

በነጋታው ልጁን አቆምሁት፤ "እጅህን ልቀቅ፤ አሁን ክርንህን እጠፍ፤
እንጨቱ ከክርንህ ጥቂት ዝቅ ይበል፤ ከዚያ ወዲያ እንዳያልፍ።"
ሙዚቃ አላውቅም። አናጺ ነበርሁ፤
መላጊያ የገፋ ወገብ ልኩን ያውቃል አልሁ።
ሁለት ቀዳዳ ወረደለት። መታ። ትከሻው መውረጃ አገኘ፤
ለካ አንገት ነበረው ልጁ!

ሦስት ቀን አልሞላም፣ ሚስስ ኮዋልቹክ እንደገና መጣች፤
"ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሲዬራ አለች፤
ከሰሜን፣ ከኖርዌይ ሃውስ የመጣች፤
ያን የሚያህል ቁመት ይዛ፣ ለማሪምባው ስትል ጎበጠች።"
አጭር ጋቢ ነው ነገሩ፤ ራስ ሲሸፍኑ እግር ይወጣል፤
የአንዱን ትከሻ ስታሳርፍ የሌላው ወገብ ይቆረጣል።

ፕላስተር ቆረጥሁ፦ ለእሱ ቢጫ፣ ለእሷ ሰማያዊ፤
መፍቻውን በሲባጎ እግሩ ላይ አሰርሁ፤
አንድ ሕግም ተናገርሁ፦
የሚወጣው ለሚገባው ያስተካክል፤
የራስን ልክ ትቶ መሄድ ነውር ነው።

አይተዋወቁም። እሱ በስፖርት አዳራሹ በር ይወጣል፣
እሷ በደረጃው ትገባለች፤
እሱ በትከሻው ደግፎ እስከ ሰማያዊው ያነሣላታል፣
እሷ ስትጨርስ እስከ ቢጫው ታወርድለታለች።
ከበስተኋላ የሚቀር ሌላ ነገር የለም፤
የአንድ ሰው ቁመት ብቻ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ የቆመ።

መጋቢት ላይ ቢጫው ፕላስተር አንድ ጣት ከፍ ብሎ አገኘሁት።
ላዩ ላይ "አድጌአለሁ" ይላል፤ ፊደሉ የተንጋደደ።
ከሥሩ፣ በሌላ እጅ፣ ዘንበል ባለ ጽሕፈት፦
"አይቻለሁ።"

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ሌሊት ባልዲዬን እየገፋሁ ገባሁ፤
ከቢጫው በላይ፣ ከሰማያዊው በታች፣ ሦስተኛ ፕላስተር አየሁ።
ጥቁር። ስም የለውም። መቋሚያው እዚያው ላይ ጠብቋል፤
ሁለት መምቻ እንጨቱ ላይ ተነባብሮ ተኝቷል።

ክርኔን አጠፍሁ።
ልክ ነው።
መቼ ለኩኝ? ጎንበስ ብዬ ስወለውል ነው? ስንት ቀን፣ ከየትኛው በር?
ወይስ የሚያውቁት ቀና ብዬ ስሄድ ነበር?

አንዱን መምቻ አነሣሁ። ከወፍራሙ ጫፍ አንዱን እንጨት መታሁት።
ወለሉ ገና እርጥብ ነበር፤
እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁት።