መቀያየሪያው

ፖርት ሃርኮርት ሲዘንብ መብራት ይኮበልላል፤
በየበሩ ደጃፍ ጄኔሬተር ያጓራል።
ባለዓሣው ሶቶንዬ አዲስ ማሽን ገዝተው
«ቶሎ በይ ኢቢናቦ!» አሉኝ ደጄ መጥተው።

«መቀያየሪያው ይቅር፣ ዋጋው አይቀመስም፤
ሁለት ወንድ ሶኬት፣ አንድ ገመድ፤ ሌላ አልልሽም።
አንዱ ጫፍ ለማሽኑ፣ አንዱ ለግድግዳ፣
ዓሣዬ እንዳይሸት፣ እንዳልገባ ዕዳ።»

ፒንሳዬን አስቀመጥኩ።
ኤሌክትሪክ እንግዳ አይደል፣ ግባ ቢሉት አይቀመጥ፤
የመጣበትን ያውቃል፤ በቆጣሪው ሲያመልጥ፣
በትራንስፎርመር ሾልኮ፣ ምሰሶ ላይ ገንኖ፣
ሁለት መቶ ሃያው አሥራ አንድ ሺህ ሆኖ፣
ሞቷል ያሉት ሽቦ ያደፍጣል ድኖ።

ዳጎጎ ወንድሜ መስመር ጠጋኝ ነበር።
መስመሩ ተዘግቶ፣ ወረቀት ተፈርሞ ነው የወጣ።
ከማን ቤት እንደመጣበት ዛሬም አልታወቀም።
ጓንቱን መለሱልን፤ መዳፉ ላይ
ሽንብራ የምታክል ቀዳዳ።

ይህን አልነገርኳቸውም።
«መቀያየሪያውን በዱቤ አመጣለሁ» አልኩ፣
«ግማሹን በዓሣ ይከፍሉኛል።»
አጉረመረሙ፤ ግን ባትሪ አበሩልኝ።

የመሬቱን ዘንግ እርጥብ አፈር ውስጥ ቀጠቀጥኩ፤
ማሽኑን ከመስኮት አራቅሁት፣ ጭሱ እንዳይገባ።
እጀታዋ ሦስት ቦታ ትቆማለች፦
ከተማ፣ ባዶ፣ ማሽን።
ባንድ ሌሊት ሁለት ቤት አታድርም።

ማቀዝቀዣው ማንጎራጎር ጀመረ፤
ሶቶንዬ ዕዳቸውን በጣት ይቆጥራሉ።
እኔ ቀና አልኩ፤
ከመንገዱ ማዶ፣ ምሰሶ ላይ፣
ስሙን የማላውቀው ልጅ፣ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ፣
ሽቦውን ጨብጦ ያፏጫል።