እሽኮኮ

የድንጋይ ሕግ አንድ ነው፣ መምህራችን እንዳለው፣
ከታች ያለው ታላቅ ነው፣ ታናሽ ነው ከላይ ያለው።
ባሕር ደለል ሲያነጥፍ፣ ቀድሞ የመጣ ይተኛል፣
ዘግይቶ የመጣ ደግሞ፣ ደረቱ ላይ ይጋደማል።
ይህን ሕግ በልቤ ይዤ፣ በእጄ መዶሻና ሌንስ፣
ኤልም ገባሁ፣ አውቶቡሱ መንገድ አልቆበት ሲመለስ።

ቀና ስል፣ በቺንግል ቀንዶች ወገብ፣ የኖራ ድንጋይ ጥለት፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሯቸዋል፣ እንደ ጠበቀ መቀነት።
ከሥሩ ያለው ጭቃ፣ ሠላሳ አምስት ሚሊዮን ዓመቱ፤
ለድንጋይ ይሄ ምንድን ነው? ገና አልደረቀም እትብቱ።
ከላዩ የተቀመጠው፣ አረንጓዴና ቀይ አለት፣
ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን!
ቆጠርኩ፣ ሰረዝኩ፣ ቆጠርኩ፤
የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር፣ እስከ ምሳ ሰዓት።

ባልዝ ይባላል ያሳደረኝ፤ ሰማንያ ሰባት ሞልቶታል፤
ካርታዬን አየና ሳቀ፤ ሲስቅ ደረቱ ያፏጫል።
ወጣትነቱን የፈጀው፣ ከገደሉ ሥር ጉድጓድ ውስጥ፣
ጥቁሩን ድንጋይ ሲሰነጥቅ፣ ለተማሪ ሰሌዳ ሲልጥ።
አንዳንዴ ድንጋዩ ሲከፈት፣ ዓሣ ይወጣ ነበር፣
አጥንቱ እንደ ማበጠሪያ፣ ዓይኑ የከሰል አተር።
«ዓሣውን አሠሪ ወሰደ፤ አቧራው ለኛ ደረሰ፣»
አለና ደረቱን መታ። ሳል ጀመረው፤ ጨረሰ።
ሐኪሙ በራጅ ያየው፣ እኔ በመዶሻ የማነበው፣
አንድ ጭቃ ነው፤ እሱ ግን ተንፍሶ ነው የደረበው።

አያቱ ነግረውታል፤ አንድ እሑድ፣ ዝናብ ሲያባራ፣
ከሥሩ የፈለፈሉት፣ ተነሥቶ ሄደ ተራራ።
ከዚያ ወዲህ ስለ ድንጋይ፣ በዚህ ቤት ጮክ ተብሎ አይወራም።

መስከረም ነበር። በማግስቱ ፀሐይ በተራራው ቀዳዳ
ልታልፍ ነው፤ ባመት ሁለቴ፣ የደወል ቤቱ እንግዳ።
ባልዝ ከደጁ ሳይርቅ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ ቆመ፤
አፍራ፣ የልጁ ልጅ፣ የበረዶ መጥረጊያ ነጂዋ፣
ጎንበስ ብላ ብድግ ስትል፣ ሳቀ እንጂ አልተቃወመ።
ሰማንያ ሰባት ዓመት፣ በሃያ ሁለት ትከሻ፣
እሽኮኮ!
ጫማው ደረቷን ይመታል፣ ቀኝና ግራ፣ እንደ መዶሻ።

ብርሃኑ በቀዳዳው መጣ፤ ደወል ቤቱን ነካ፣ ሄደ።
ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሰዉ አጨብጭቦ ወረደ።
ባልዝ ግን እዚያው ከላይ ሆኖ፣ መቀነቱን አሳየኝ፦
«ማነው ያን ሽማግሌ፣ ሕፃን ትከሻ ላይ የጫነው?»
«አፍሪካ ናት፣» አልኩት፣ «ከደቡብ ገፍታ። በኛ በኩል ነው።»
«ከባድ እጅ አላችሁ፣» አለኝ።

አፍራ አልሳቀችም። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቷ ሲርድ አየሁት፣
ከታች እንዳለው ጭቃ፣ ሊታጠፍ ሲል፣ ሊታጠፍ ሲል፤
«ልውረድ፣» አላት። «ዝም በል።»
ኮፍያውን እኔ ያዝኩት።