ጥርስና ሽቦ

ጠረጴዛችን አንድ ነው፣ አንደኛው እግሩ አጭር፣
ከስሩ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ የሚኖር።
በቀኝ በኩል ጀልባዬ፣ ክንድ ከስንዝር ቆርቆሮ፣
ከአሮጌ የስፌት መኪና ሦስት ጥርስ ተበድሮ፤
በግራ በኩል ሬዲዮ፣ ሆዱ ተዘርግፎ፣
ቅንጣቢው እንደ ጎመን ዘር ከዳር እዳር ረግፎ።
መሀል ላይ የእኛ ሳህን።

«ዛሬስ ብሎን ቆረጠምኩ» አለች ጥሩአየሁ፣
ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ እያሳየችኝ፤
«አንዱን ምረጥ በቃ። ለሁለት ታቦት ስለት
ጠረጴዛው አይችል፣ ጡረታህም አይበቃኝ።»

እውነቷን ነው። ከቤት ኪራይ፣ ከዘይት የተረፈው
አንድ የሰዓት ሞላ ወይ አንድ መለኪያ ነው፤
ሁለቱን አይገዛ።

ጥርስን አውቀዋለሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ
ከሽመና ማሽን ስር በጀርባዬ ተንጋልዬ
ጥርስ ከጥርስ ሲናከስ፣ ሲታረቅ፣ ሲነካካ
በጣቴ ሰምቻለሁ።
ብረት ሲታመም አይደብቅም፤
ጥቁር ቅባት ያለቅሳል፣ ይንኳኳል፣ ይሰነጠቃል፣
ጥፋቱ ዓይንህ ስር ይወድቃል።
ኤሌክትሪክ ግን ሐሜት ነው፤
ማን እንደጀመረው፣ በየት በር እንደገባ
ሳይታወቅ ቤት ያፈርሳል።

ጎረቤቴን ጠየቅኩት፣ ፖሊ ግቢ የሚሠራውን፣
የዚህን ሁሉ ሽቦ መንገድ ያስተማረኝን።
«ከሁለቱ» ብዬ «የቱ ይበልጣል?» ስለው
«አቤት!» አለኝ፤ ስሙን የጠራሁት መሰለው።
ሳቅን። ጥያቄዬም እዚያው ስሙ ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ ሲነጋጋ በሽምብጥ በኩል ወረድኩ፣
የይበልጣልን ልጅ ሶልያናን አስከትዬ፤
ሞላውን እስኪጨንቀው ጠምዝዤ ለቀቅኩ።
ሄደ! ስምንት ክንድ ያህል፣
አፍንጫውን ወደ ደብረ ማርያም ቀስሮ፣
ሄደ፣ ሄደና
እምቦጭ ያዘው።
አንድ ሰው በደንገል ታንኳው መጥቶ፣ ውሃውን ሳያናውጥ፣
በመቅዘፊያው ጫፍ እንደ ሙት ዓሣ አነሳው።
«ይህ ምን ይጭናል?»
«ምንም።»
«እንግዲያ ለምን ደከምክ?»
መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

አንድ ነገር ሳልናገር ቀረሁ፤
ግራ ጆሮዬ አይሰማም።
የፋብሪካው ጥርስ ነው፣ ቀስ በቀስ የበላው፣
በየፈረቃው አንድ አንድ ጉርሻ እየጎረሰ።
የቀኙም ጎዶሎ ነው፤
ጥሩአየሁ «ውሃ» ስትል «ድሃ» ብሎ ያቀብለኛል።
ታዲያ ለደንቆሮ ሬዲዮ ምን ያደርግለታል?
እጄስ? እርሳስ ሳቀልጥ መበየጃው ይንቀጠቀጣል፣
ጠብታው ከታሰበለት ርቆ ይወድቃል።

እሑድ ማታ ቆረጥኩ። ጀልባው ይሁን።
ሳጥን ይዤ ተነሳሁ፣ ግራውን ጠርጌ ልከት።
መብራት ሄደ።
በጨለማ ስደናበስ፣ ባትሪው ተነካ መሰለኝ፣
ልጅቷ እጄን ያዘችኝ፦
«አባባ፣ ሰው እያወራ ነው!»
«የት?»
«እዚህ ውስጥ። ደግሞ ያስላል።»

ጣቴን ከድምፅ ማጉያው ወረቀት ላይ አኖርኩ።
ተንቀጠቀጠ።
ዕድሜዬ ይሁን ሰውዬው፣ የቱ የማን እንደሆነ
ለመለየት ጊዜ ፈጀብኝ፤ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።
ከዚያ ለየሁት።
ያወራል፣ ያርፋል፣ ያስላል፤
እንደዚያ እንደ ድሮው ማሽን፣ በጣቴ በኩል ይሰማል።
ያ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
አንዲት ቃል አልነገረኝም።

መብራት ሲመጣ ሳጥኑ ባዶውን ቆሞ አገኘሁት።
ጀልባውን ለሶልያና ሰጠሁ፣ ከነሞላው፣ ከነጥርሱ፤
«እምቦጩን ተጠንቀቂ» አልኳት። አልሰማችኝም፣ ሮጠች።
ጥሩአየሁ በቀኝ በኩል ሳህኗን ዘረጋች፣
ክርኗን አሳርፋ ራቷን በላች።
ከሽሮው መሀል የወጣችው
የቀዘቀዘች የእርሳስ ጠብታ ነበረች።
አየቻት። አየችኝ። ከሳህኑ ጠርዝ አስቀመጠቻት።
«ምን አለ ሰውዬው?»
«እንጃ» አልኩ፣ «ጉንፋን ሳይዘው አይቀርም።»