ከካባው ጫፍ

ዘንጉ የአባቴ ነው፤ የራዲዮ አንቴና፣
ዜና መስማት ትቶ ዓሣ ሊሰማ ቀና።
ቀለበቱ መርፌ ቁልፍ፣ በክር የጠበቀ፣
መዘውሩ የክር እንጨት፣ ክሩ ያለቀ።
ከዚህ ሁሉ ዕቃ የተገዛው አንድ፣
መንጠቆው ነው፤ እሱም ዱቤ፣ ከነጋዴ ዘመድ።

ላባውን የሰጠችኝ ስመኝ ናት፣ ባለቤቴ፣
የገናው ዶሮ ሲታረድ፣ «ያው ድርሻህ» ብላ በፊቴ
ከአንገቱ የነጨችልኝ፤ ጫፉ የጠቆረ ቀይ፤
ሥጋው ሦስት ቀን አልሞላም፣ ላባው ከርሟል ሲንጀሬ ላይ።
ገላው የሰው ልብስ ትራፊ፦ የተማሪ ሱሪ ክር፣
የሙሽራ ሚዜ ገበር፣ ያልከፈለ ሰው ከረባት ዳር።
ስፌት ላይ ስውል ጣቴ ይማር ነበር ለካ
ዝንብ ያልሆነን ነገር በዝንብ ልክ ሊለካ።

ውርወራ የተማርኩት አንገረብ ግድቡ ዳር፣
ልብስ ከሚያጥቡት ሴቶች ትንሽ ራቅ ብዬ ነበር፤
«ውሃ ገራፊው መጣ» ይላሉ፤ «ምን በደለው ውሃው?»
እጄ ግን ሲመሽ ሲመሽ ለመደ፣ ልስላሴ ገባው፤
እንደ ጅራፍ ሳያጮሁ ክሩን ባየር መዘርጋት፣
ዝንቧን ከውሃው ላይ ማኖር፣ ሕፃን እንደ ማስተኛት።

ሰኞ ሱቅ አልከፍትም። ገና ሰማይ ሳይቀላ
በጎርጎራ ሚኒባስ፣ ከሁሉ ወንበር ኋላ፣
አንቴናዬን ሰብስቤ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣
ረዳቱ «ምንድን ነው?» ሲል «ዋሽንት ነው» ብዬ።
ቆላድባ ስንደርስ ዳቦ ገዛሁ፣ ሁለት፤
አንዱ ለእንየው ነው፤ የታንኳው ኪራይ ማለት።

እንየው ደንገሉን እየገፋ ያየኛል፣ ይስቃል፣
«ትል እያለ፣ ሊጥ እያለ፣ ሰው በላባ ያጠምዳል?
ዓሣ እንደ ደንበኛህ ልብስ አማርጦ ይበላል?»

መገጭ አፉን ከፍቶ ታና የሚገባበት፣
ደፍራሹና ጥሩው የሚገፋፉበት፣
አንዱ ሌላውን ሳይሆን ጥቂት የሚቆይበት።
የቀሃ፣ የአንገረብ እጣቢ፣ ከእኛ ሰፈር የታጠበ፣
የጎንደር ጭቃ ሁሉ እዚህ ወርዶ ተሰበሰበ፤
የሱቄም አቧራ ምናልባት አብሮ መጥቶ ይሆናል፤
ዓሣው እዚያ ድንበር ቆሞ የሚወርደውን ይጠብቃል።

እምቦጩ ዘንድሮ ብሷል፤ ሁለት ዝንብ በላብኝ፣
ሦስተኛው ላባ ውሃ ጠጥቶ፣ ሰምጦ ከዳኝ።
አራተኛው...
እንግዲህ ይነገር ካልቀረ፣
የመምሬ ጥበቡ ካባ ሱቄ ውስጥ ነበረ፣
ጫፉ ተተርትሮ፣ እንድጠግነው የመጣ፤
ከወርቀ ዘቦው ክር አንዲት ስንዝር ወጣ።
አልመለስኳትም። መንጠቆው ላይ ጠመጠምኳት፣
እንድትንሳፈፍም ጧፍ አቅልጬ ቀባኋት።
ሰሙ ላይዋ፣ ወርቁ ውስጧ፤ በዚህ በጎንደር አገር
ይህን ለመፍታት ዲያቆን መሆን አያሻም ነበር፤
ዓሣው ቅኔ ቤት አልዋለ፣ ሰሙን አይቶ ዘለለ፣
ወርቁ ከንፈሩን ሲወጋው ያኔ ገባው፣ ተንከባለለ።

የክር እንጨቱ ጮኸ፤ አንቴናው ጎበጠ፤
እንየው መቅዘፊያውን ጥሎ ሳቁን ዋጠ።
«ነጭ ዓሣ ነው! ልቀቅለት! ያዘው! ልቀቅ! አትልቀቅ!»
ጣቴ ደማ፤ አየሁት አንዴ፣ ከውሃ በላይ ሲፈነጥቅ፣
አፉ ዳር የመምሬ ወርቅ።

ከዚያ ክሩ ቀለለ።
እንየው ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ሰጠኝ፤ ምንም አላለ።

ማክሰኞ ካባቸውን ሊወስዱ መምሬ መጡ፣
ዳር ዳሩን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ወጡ፣
አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ጥፍር ከምታህል ጎዶሎ
ቢጫ የሐር ክር ሞልቼባት ነበር፤ ይመሳሰላል ተብሎ።

ነገርኳቸው። ዝንቡን፣ ጧፉን፣ ነጩን ዓሣ፣ ሁሉን።
ዝም አሉ። ቀኖናዬን ስጠብቅ አጎንብሼ፣
«ለመሆኑ ስንት ያህላል?» አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።
እጆቼን ዘረጋሁ።
አንድ ጋት ጨመርኩበት፣ ንስሐ ላይ መሆኔን ረስቼ።