ሰው ሲገባ የሚነቃ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሸዋ በርን ሲውጥ፣
ከፎቶ ቤቱ ፎቅ፣ አሮጌ ላፕቶፔ ፊት ስቀመጥ፣
«ዓለምዎ ተኝቷል» ይለኛል፣ እንደ ልማድ።
«ቀስቅስ»ን እጫናለሁ፤ ወረፋዬ አርባ አንድ።
የነጻ ነገር እንዲህ ነው፤ አይቆጡትም፣ ይጠብቁታል።
መብራት ብቻ አይሂድ እንጂ አርባው ሰው ያልፋል።

ሰርቨሩ የማናውቀው አገር ነው፤ ኪራይ አንከፍልም።
ሰው ካጣ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በላይ አይታገሥም።
ይተኛል።
እንቅልፉ የእኛን አይመስልም፤ ሕልም የለው፣ መገላበጥ የለው፤
ፀሐይ ልትጠልቅ ጎንበስ እንዳለች እዚያው ነው ደርቃ የምትቀረው፣
በጉ ሳሩን እንደጎረሰ፣
ዝናቡ መሬት እንዳልደረሰ።

ይማም ሐረጎን ከወረደ ዓመት ሊሞላው ነው።
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌሊት ፈረቃ ነው።
እኔ ስነቃ እሱ ይተኛል፤ እኔ ስተኛ እሱ ክር ይቀጥላል።
በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይርቃል?
ግን ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት አለው፣ እሁድ ልብስ አጠባ፤
«በሚቀጥለው» ተባብለን ክረምቱ ወጣ፣ ጥቢ ገባ።

አብረን የሠራናት ከተማ አለች፤ ደሴ ናት ካልናት ደሴ።
ፒያሳ ደረጃው አላለቀም። የሆጤን ሜዳ ያሰፋሁት እኔ ራሴ።
ጦሳን በአረንጓዴ ድንጋይ ቆልለን ጫፉ ላይ ፋኖስ ሰቀልን፣
ከግርጌው ስንዴ ዘራን፤
የማይበላ ስንዴ። ብቻ ዘራን።

የዚያ አገር ስንዴ አመል አለው፤
ሰው ሲኖር ብቻ ነው የሚያድገው።
ሰው ከወጣ ባለበት ቁመት ይቆማል፣
ወር ቢያልፍ ለእሱ አላለፈም፤ ቀን መቁጠር ማን ያስተምረዋል?

ማክሰኞ ስወጣ አረንጓዴ ነበር፣ ጣት እንኳ የማያህል።
ዛሬ ወረፋው ደርሶኝ ስገባ፣ ዛላው አጎንብሶ፣ ቢጫ ወርቅ መስሏል።
እኔ አልነበርኩም።
ዳር ላይ አንዲት ሰሌዳ ተተክላለች፤ የይማም ፊደል አይጠፋኝም፦
«የሻይ ሰዓቴ ነው። ትመጣ እንደሁ ብዬ ቆምኩ።»
ስንት የሻይ ሰዓት ይፈጃል አንድ ማሳ? ቆጠርኩ፣ ተውኩ።
በዚያ በተሰነጠቀ ስልኩ፣ ከማሽኑ ጩኸት ጥግ ተጠግቶ፣
እኔ ስተኛ ዓለማችንን እሱ ነበር ያቆየው ነቅቶ።

አጨድኩት። መልሼ ዘራሁ።
ከዚያ ምንም ሳልሠራ ቆምኩ፤ እንዳይተኛ ብዬ ቆየሁ።
መብራቱ ሁለቴ ጠቀሰ፣ ግን አልሄደም።
ይማም ሌሊት ሲገባ ባዶ መሬት አያገኝም።