ሦስት ጊዜ ክላክስ

የጓሮው አምፖል ሥር፣ ከበርሜሉ ጎን፣
ሸራ ላይ ዘርግፌ ቁልፍና ብሎን፣
አንድ ካላማዳሪያ፣ ሁለት ካንዴላ፣
የፍሪሲዮን ገመድ፣ ለክፉ ቀን መላ፤
ክትባቱ በሣጥን፣ በበረዶ ታሽጎ፣
የያኮቹን ሁሉ ትከሻ ፈልጎ።
ቤንዚን በሁለት ጀሪካን ግራ ቀኝ፣ እንደ አህያ ጭነት፤
ከዚህ ወዲያ ማደያ የለም፣ ካለም በባልዲ ነው የሚሸጥበት።
ሦስት ቀን ነው መንገዱ፣ መንገድ ከተባለ፤
ወንዙ አምና የበላው ዘንድሮ የት አለ?

ሾህሙሮድ ጎረቤቴ፣ ሠላሳ ዓመት ካሚዮን የነዳ፣
ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ፣ እንዳልተጠራ እንግዳ።
«ይሄ ምንድን ነው ኒሶ?»
«የዝናብ ቦቲ።»
«አውጪው።
ባርታንግ ሲሞላ ከወገብ በላይ ነው፤ በባዶ እግርሽ ተሻገሪው።
ይሄስ?»
«መጽሐፍ።»
«አውጪው። ይሄስ?»
«መስታወት።»
«እሱስ ይሁን፤
ገደል ብትወድቂ፣ ለሰው ታበሪበታለሽ ፀሐይቱን።»

ከኪሱ ሳሙና አወጣ፣ የልብስ ሳሙና፣ ደረቅ፤
«ድንጋይ ሳልባትዮውን ቢበሳው፣ በዚህ ምረጊው፣ ቤንዚንሽ ሜዳ ላይ እንዳያልቅ።»
«ሳሙና ነው ቤንዚን የሚያቆም?» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
«ቀዳዳ ሁሉ» አለኝ «በብየዳ አይደፈንም።»

ዝም አለ።
ወንዙ ከታች ይጮሃል። ሲጋራው በጣቱ ላይ አመድ ሆነ።
«ሦስተኛውን ድልድይ አልፈሽ፣ ናዳው ከቆመበት፣
አንድ የእንጆሪ ዛፍ አለ፣ አናቱ ብቻ የቀረበት።
ከሥሩ ቤታችን ነው።
ከቤቱ ውስጥ ሞህቢቢ አለች።
ካሚዮኔ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል፣ ሦስት ጊዜ ክላክስ አደርግላታለሁ፤
በሦስተኛው ሻይ ትጥዳለች።
አድርጊላት።
አትቁሚ፤ ድንጋዩ ገና አልረጋም። አድርጊና እለፊ።»

እሺ አልኩት።
ሞተሬ ክላክስ እንደሌለው ግን አልነገርኩትም፤
ያክ ለክላክስ መንገድ ለቆ አያውቅ፣ እኔም ጎድሎብኝ አያውቅም።

እሱ ሲገባ፣ የታሰረውን ጓዝ ሁሉ መልሼ ፈታሁ።
ካቻቢቴ በጥርሴ ነክሼ፣ ከባትሪው ቀይ ሽቦ ስቤ፣
ከወንድሜ አሮጌ ላዳ የነቀልኩትን ክላክስ ገጠምኩ፣ በላስቲክ ከብቤ።
እኩለ ሌሊት አለፈ።
ይሠራ እንደሆነ ብዬ፣ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ተጫንኩት።

የኾሮግ ውሻ ሁሉ ጮኸ።
ከዚያ ጸጥታ።
ከዚያ ከግንቡ ወዲያ፣ በጨለማ፣
ማንቆርቆሪያ ሲጣድ ተሰማ።