አንኳኪው

የእኛ ጣቢያ ከፍ ብሎ፣ መስታወት ለብሶ፣
ከማንፉሃ ጣራ በላይ አንገቱን መልሶ
ይቆማል። ባቡሩ ሾፌር የለው፣ ፊሽካ የለው፣
ሲመጣም ሲሄድም ትንፋሹን ውጦ ነው።
ሰው ወርዶ እስኪያልቅ መወልወያዬን ይዤ እቆማለሁ፤
ከዚያ የሰውን ዱካ ከወለሉ ላይ አነሳለሁ፣
በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን።

በመስኮቱ ቁልቁል ካዩ፣ ከምሰሶው ሥር፣
ከጎሚስታው ጀርባ፣ ከሽቦው አጥር፣
ሁለት ቡኒ መስመር አለ፤ አሸዋው ይውጠዋል፣
አሥር እርምጃ ያህል ሄዶ መልሶ ይተፋዋል።
አንድ ቦታ አስፋልት ረግጦት ያልፋል፤
ወዲያ ማዶ፣ ፍየል ከሚሸጡበት ጋ፣ ደግሞ ብቅ ይላል።
ዲልማያን ጠየቅኋት፤ «የውሃ ቧንቧ ነው» አለች።
አለቃችን ሽኩርን ጠየቅሁት፤ ሰዓቱን አየ።

እኔ ግን የድሬ ልጅ ነኝ፤
ሐዲድና ቧንቧ አይምታታብኝ።
አልጋችን በሌሊት ባቡር ሲንቀጠቀጥ ያደግን፣
ባቡሩ የቀረ ለት እንቅልፍ የነሳን።

ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለት።
ሸምሰዲን ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ ጠባቂ ነበር፣
ከሺኒሌ ወዲህ፣ በእግሩ፣ ከመዶሻው ጋር፤
ጡረታ ከወጣ ጆሮው ከበድ ብሏል፣
ዐይኑ ግን እንደ ድሮው ብሎን ይቆጥራል።
እንዴት ነሽ አላለኝም። ደመወዝ ገባ ወይ አላለኝም።
«ጎኑ ላይ ቁጥር አለ» አለ በድምፅ መልእክት፣
«የተወለደበት ዓመት። ጥረጊና አንብቢልኝ።
ሐዲድ ያለ ስም አይቀበርም፣ ነፊሳ።»

ዓርብ ጠዋት፣ ሰፈሩ ለጁምዓ ሳይነሳ፣
ተንበርክኬ ስጭር በማንኪያ፣ በጣሳ፣
መጀመሪያ የሲጋራ ቁራጭ፣ የቴምር ፍሬ፣
የሕፃን ጫማ፣ የግራው ብቻ፣
ከዚያ ብረት።
የትናንትናን ፀሐይ ገና አልጨረሰም፤ ይሞቃል።
ትራቨርሱ እንደ ከረመ ዳቦ በእጄ ይፈረፈራል።
አንድ፣ ዘጠኝ፣ ከዚያ ወይ አምስት ወይ ስድስት፤
የመጨረሻዋን ጣቴ እንጂ ዐይኔ አላነበባትም፣
ዝገት ግማሿን በልቷታል።

ማን አነጠፈው? በዚህ ሐሩር ማን አጎንብሶ
ብሎኑን አጠበቀ፣ ላቡን በክንዱ አብሶ?
የፋብሪካው ስም አለ፣ በደንብ ተቀርጿል።
የእሱ የለም።
እኔ የምወለውለው መስታወት ጥግ ላይም
የሻጩ ስም አለ፤ በየቀኑ አጸዳዋለሁ፣
ከሌላው ይልቅ እሱ እንዲያበራ።

ደወልኩለት። «አንኳኪው» አለኝ።
«ምን?»
«አንኳኪው! ደህና ሐዲድ ሲመቱት ያዜማል፣
የተሰነጠቀ እንደሆነ እንደ በሽተኛ ይስላል።
እኔ ያን ጊዜ ቀዩን ፋኖስ አነሳ ነበር፣
ሾፌሩም ከሩቅ ያየኝ ነበር።»
አባዬ፣ እዚህ የሚያይህ ሾፌር የለም፣
ልለው ነበር። ተውኩት።
ድንጋይ አነሳሁ፤
ስልኩን ከብረቱ አስጠግቼ መታሁ።
አንድ ጊዜ። ሁለት።
በሦስተኛው፣ የዕለቱ የመጀመሪያ ባቡር ከላዬ አለፈ፣
ባዶውን፣ መብራቱ እንደበራ፤ ጥላው ጀርባዬን ገረፈ፣
ብረቱ ጉልበቴ ሥር ተንቀጠቀጠ፣
ወይም ጉልበቴ ነው የተንቀጠቀጠ።

አባቴ ዝም አለ።
ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ከበስተኋላው የባጃጅ ጥሩንባ፣
አንድ ሰው «በሩን ዝጉት» ሲል።
«ደህና ነው» አለ በመጨረሻ።
«ስንጥቅ የለውም። ይለፍ።»

የትኛውን እንደሰማ አልጠየቅሁትም።
ማንኪያውን በቀሚሴ ጠርጌ ኪሴ ከተትሁ፤
ቁጥሩ ላይ አሸዋ አልመለስኩም።